የፊት ነርቭ ሕመም፦ ጥርስ ከማስነቀልዎ፣ ክኒን ከማቆምዎ፣ ለቀዶ ሕክምና ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አክስቴ ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ቀኝ ጉንጯን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ሰው ሊስማት ሲጠጋ ቀድማ እጇን ትዘረጋለች። ጎረቤቶቿ ኮራች አሉ። በበዓል ቀን ጉርሻ አልቀበልም ስትል የተቀየሙም ነበሩ። እርሷ የምትፈራው ሰውን አልነበረም። ጉንጯ ሲነካ ከከንፈሯ ጥግ ተነሥቶ እስከ ጆሮዋ የሚሮጠውን፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው ቀጥ የሚያደርጋትን ሕመም ነበር። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይተዋታል። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ይመለሳል።

የሕመሙን ስም እስክናገኝ ድረስ ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ ተነቅለዋል። ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ።

ስሙ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ነው። ይህ ሕመም ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ጠባይ አለው፦ ፋታ ይሰጣል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ሰው መፍትሔ የሚፈልገው ደግሞ ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ፋታው ሲመጣ ምስጋናው መጨረሻ ላይ ለተደረገው ነገር ይሆናል፤ ለተነቀለው ጥርስ፣ ለተወጋው መርፌ፣ ለተቀባው ቅጠል። አክስቴ የመጀመሪያው ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አራት ወር ደህና ሆነች። ሁለተኛውን ያስነቀላት ያ አራት ወር ነው። የሚከተለውን ሁሉ ሲያነቡ ይህን ጠባይ አይርሱ።

መጀመሪያ ስሙን ያግኙ

ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አምስተኛው የፊትን ስሜት የሚሸከም ነው። በየጎኑ ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭ፣ ላይኛው ከንፈርና ላይኛው ጥርስ፣ ሦስተኛው ወደ አገጭና ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ነው፤ ጥርስ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ከወንድ ይልቅ በሴት፣ ከግራ ይልቅ በቀኝ በኩል ይበዛል።

ዋናው ምክንያት በብዙዎች ላይ የደም ሥር ነው። ነርቩ ከአንጎል ግንድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንድ የደም ሥር ተጠግቶት በየልብ ምቱ ሲመታው ይኖራል። የነርቩ ሽፋን ቀስ በቀስ ይላጣል። ላስቲኩ የተላጠ የመብራት ሽቦን ያስቡ፤ ለስላሳ ንክኪ የነበረው ነገር እሳት ሆኖ ይተላለፋል።

የሕመሙ መልክ ከሌላው ይለያል። በአንድ ጎን ብቻ ነው። በድንገት ይመጣል፤ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ሊቆይ ይችላል፣ ከሁለት ደቂቃ ግን እምብዛም አያልፍም። የሚቀሰቅሰው ጠንካራ ምት ሳይሆን ቀላል ነገር ነው፦ ፊት መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅ፣ ጺም መላጨት፣ ማኘክ፣ ማውራት፣ የጠዋት ብርድ። የጥርስ ሕመም ግን ይጠዘጥዛል፣ ለሰዓታት ይቆያል፣ ሌሊት ይብሳል።

ከሌሎች ጋርም አይምታታብዎ። ፊት በአንድ በኩል ተጣሞ ዓይን አልከደን ካለ ያ የሰባተኛው ነርቭ ጉዳይ ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው። አልማዝ ባለጭራ ፊት ላይ ወጥቶ ከዳነ በኋላ የሚቀር የሚያቃጥል ሕመምም ራሱን የቻለ ነው። ዕድሜዎ ከ50 በላይ ሆኖ ጆሮ ግንድዎ አካባቢ አዲስ ራስ ምታት ከጀመረዎ፣ ሲያኝኩ መንጋጋዎ ከዛለ፣ ዓይንዎም ብዥ ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዓይን ብርሃን የሚያሳጣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።

ቤተ ዘመድ ምች ነው ይላል። ዳማከሴ ሲታሽልኝ ያደግሁ ሰው ነኝና እጃቸውን አልነቅፍም፤ በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው። ይህን ሕመም ግን ፊትን ማሸት ራሱ ይቀሰቅሰዋል።

ጥርስ ከማስነቀልዎ በፊት

ራጅ ያስነሡ። ጥርሱ የተበላ ወይም ሥሩ መግል የቋጠረ መሆኑ በራጁ ላይ ካልታየ፣ «ለምን ይነቀላል?» ብለው ይጠይቁ። የማደንዘዣ መርፌ ሲወጉ ሕመሙ ጠፋ ማለት ጥፋተኛው ጥርሱ ነው ማለት አይደለም። መርፌው የሚያደነዝዘው ያንኑ አምስተኛ ነርቭ ስለሆነ ሁለቱንም ሕመም ለጊዜው ጸጥ ያደርጋል። እውነትም የታመመ ጥርስ ካለ ይታከም። ጤነኛ ጥርስ ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ አክስቴ ዛሬም በቀኝ በኩል ቆሎ አትቆረጥምም።

ኤም አር አይ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው?

በሽታው የሚታወቀው በታሪኩ ነው። ምስሉ የሚፈለገው ከጀርባው ሌላ ነገር እንዳለ ለማየት ነው፦ ነርቩን የሚጫን እጢ፣ ወይም መልቲፕል ስክሌሮሲስ የተባለው የነርቭ ሽፋን በሽታ። ዕድሜዎ ከ40 በታች ከሆነ፣ ፊትዎ ከደነዘዘ፣ ጆሮዎ መስማት ከቀነሰ፣ ሕመሙ በሁለቱም ጎን ከሆነ ወይም ሲራመዱ ከተንገዳገዱ ምስሉን አያዘግዩት። ሲቲ ስካን ለዚህ አይበቃም። ለኤም አር አይ ክፍሉም የአምስተኛው ነርቭ አካባቢ በቀጫጭኑ እንዲነሣ ሐኪሙ ማዘዣው ላይ ይጻፍልዎ፤ ያለዚያ ገንዘብዎን ከፍለው ነርቩ በቅጡ የማይታይበት ፊልም ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። ውጤቱ ደህና ነው ቢባል ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

ክኒኑን ከመጀመርዎ፣ በተለይ ደግሞ ከማቆምዎ በፊት

ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ይህን ሕመም አይነኩትም። ትራማዶልም ለዚህ አይሆንም። የመጀመሪያው መድኃኒት ካርባማዜፒን ነው፤ ብዙ ሰው ቴግሬቶል በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ለዚህ ሕመም መዋል ከጀመረ (ከ1962 እ.ኤ.አ.) ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ ሰው ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ይታያል፤ ሐኪሞችም ይህን ፈጣን መልስ ለምርመራው እንደ ፍንጭ ይወስዱታል።

አንድ የሚያሳምም ነገር ልንገርዎ። ካርባማዜፒን የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ነው። አክስቴ ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ አንዲት ጎረቤት ወረቀቱን አንብባ «ይሄ እኮ የሚጥል በሽታ ነው» አለቻት። አክስቴ ክኒኑን ከድስቱ መደርደሪያ ኋላ ደበቀችው፤ አንዳንድ ቀን ትውጣለች፣ እንግዳ ያለ ቀን ትዘላለች። ሕመሙ ሲመለስ መድኃኒቱ አልሠራም አልን። መድኃኒቱ ስሜት አልባ አያደርግም፣ የሚጥል በሽታም አያመጣም። ያለ ቅጥ የሚተኩሰውን ነርቭ ያረጋጋል፤ ለሁለቱም በሽታ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ለቤተሰብዎ ይህን ገና ከመጀመሪያው ቀን ያስረዱ።

አወሳሰዱ ከትንሽ ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ በቀን ሁለቴ 100 ሚሊግራም ሆኖ በየጥቂት ቀኑ ከፍ ይላል። ብዙዎች የሚረጋጉት በቀን ከ600 እስከ 1200 ሚሊግራም ባለው ውስጥ ነው። ልኩን የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ሰውነት ይህን መድኃኒት በጊዜ ሂደት ፈጥኖ ማስወገድ ስለሚለምድ፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሕመሙ ብቅ ቢል ልኩ ይስተካከል ይሆናል እንጂ መድኃኒቱ ከሸፈ አይባልም። ማዞር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት የተለመዱ ናቸው፤ በዝግታ ከተጨመረ ይቀንሳሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኪና አይንዱ፣ አዛውንት ከሆኑ ሌሊት ሲነሡ ሰው ይያዝዎ። ከመጀመርዎ በፊትና ከጀመሩ በኋላ የደም ሴል፣ የጉበትና የሶዲየም ምርመራ ያስፈልጋል።

ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይ ከትኩሳት ወይም ከአፍና ከዓይን መቁሰል ጋር፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይውጡ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ከዚህ ሌላ ባለ ምክንያት በድንገት አያቁሙ፤ የሚቀነሰው በሐኪም፣ ቀስ በቀስ ነው።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይናገሩ። ካርባማዜፒን የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ያዳክማል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን፣ ለምሳሌ ዶሉቴግራቪርን፣ መጠን ያሳንሳል። ከደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ጋርም ይጋጫል። ማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ሐኪም ማማከር አለባት፤ በጽንስ ላይ የአከርካሪ ጉድለት ሊያስከትል ይችላልና። ካርባማዜፒን ያልተስማማው ሰው ኦክስካርባዜፒን፣ ባክሎፌን፣ ላሞትሪጂን፣ ጋባፔንቲን የመሳሰሉ አማራጮች አሉት፤ አንዱ ስላልሆነ ሁሉም አይሆንም ማለት አይደለም።

የእኛን አኗኗር የሚመለከት ነገርም አለ። ክኒኑ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይሻላል፤ ሰዓቱም መዛባት የለበትም። ጾም ሲገባ የንስሐ አባትዎን፣ ሐኪምዎንም ያማክሩ። ረመዳንን ለሚጾም ሰው በቀን ሁለቴ የሚወሰድና ቀስ ብሎ የሚለቅ ዓይነት አለ፤ ይህኛው ዓይነት አይፈጭም፣ አይታኘክም። ጸበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ ሲረጭ ግን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። አክስቴ ይህን ለካህኑ ነግራቸው መጠጣቱን ብቻ ፈቀዱላት። መድኃኒቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ፤ ክፍለ ሀገር ሲሄዱ በቂ ይያዙ፤ አምራቹ ወይም ዓይነቱ ከተቀየረብዎ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ለቀዶ ሕክምና ከመፈረምዎ በፊት

እዚህ የሚመረጠው «የትኛው ይሻላል» ተብሎ ብቻ አይደለም። እርስዎ ምን ማጣትን ይችሉታል የሚለው ነው ጥያቄው።

የመጀመሪያው መንገድ ከጆሮ ጀርባ የራስ ቅል በትንሹ ተከፍቶ ደም ሥሩ ከነርቩ የሚርቅበትና መሀላቸው ትንሽ ቴፍሎን የሚገባበት ነው። በአሜሪካ ፒትስበርግ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ፒተር ጃኔታ ያስፋፉት ነው። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ከዚያው በታተመ ከ1,100 በላይ ሕሙማንን በተከታተለ ጥናት፣ ከ10 ዓመት በኋላም 70 በመቶ ያህሉ ያለ መድኃኒት ከሕመሙ ነፃ ነበሩ። ነርቩን ሳይጎዳ ምክንያቱን ስለሚነካ ዕድሜና ጤና ለፈቀደለት ሰው በእኔ እይታ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው እርሱ ነው። ግን የራስ ቅል ቀዶ ጥገና ነው፦ በዚያ ጎን መስማት ማጣት፣ የአንጎል ፈሳሽ መፍሰስ፣ አልፎ አልፎ ስትሮክ፣ እጅግ ጥቂት ሰዎች ላይም ሞት ያጋጥማል።

ሁለተኛው በጉንጭ በኩል በሚገባ መርፌ ነርቩን በሙቀት፣ በግሊሰሮል ወይም በትንሽ ፊኛ ሆን ብሎ ማድከም ነው። ቀለል ያለ ነው፣ ለአዛውንትም ይሆናል። ሕመሙ ግን ከዓመታት በኋላ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ፊትም ይደነዝዛል። የዓይን ብሌን ከደነዘዘ ቆሻሻ ሲገባበት አይታወቅምና ይቆስላል። ጥቂት ሰዎች ላይ የደነዘዘው ፊት ራሱ ያለማቋረጥ የሚያም ይሆናል፤ ያንን ማከም ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ሦስተኛው ጋማ ናይፍ የሚባለው የጨረር ሕክምና ነው። ራስ አይከፈትም፤ ለውጡ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል። ቆመው ለሚያለቅሱበት ሕመም ይህ ረጅም ነው፣ እስከዚያ ክኒኑ አይቋረጥም።

የነርቭ ቀዶ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ፦ ይህን ቀዶ ጥገና ራስዎ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? የእኔ ምስል ላይ ደም ሥሩ ይታያል? ከተመለሰ ቀጣዩ ምንድን ነው? ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። ሕንድ ወይም ባንኮክ ለመሄድ ቤት ከመሸጥዎ በፊት አዲስ አበባ ካሉት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ጋር ይነጋገሩ፤ ጥቁር አንበሳ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዘርፉ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ውጭ መሄድ ግድ ከሆነም ሲመለሱ ማን እንደሚከታተልዎ አስቀድመው ይወቁ።

አክስቴ ቀዶ ሐኪሙን የጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፦ «ጆሮዬ ቢሄድ ቅዳሴውን እሰማለሁ?» ሌላኛው ጆሮዋ ጤነኛ ስለሆነ እንደምትሰማ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ግን እንደሚያስቸግራት ነገራት። ለጊዜው በክኒኑ ልቆይ አለች። ሕመሙ ከክኒኑ ከበረታ ወረቀቱን እንደምትፈርምም ለሁላችንም ነግራናለች።

ለቤተሰብ

ምግቡን ለብ አድርጋችሁ አቅርቡ፣ ለስለስ ይበል። ጉርሻውን ተዉት። ታማሚው ውጭ ሲወጣ ፊቱን ከነፋስ የሚሸፍንበት ነገር አዘጋጁ። የታመመው ሰው ሲበላ ማውራት ካቆመ አታስገድዱት። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ደግሞ «እንዲህ አይባልም» ብላችሁ አትለፉት፤ ይህ ሕመም ሰውን እስከዚያ ያደርሳል፣ የሚወሰደው መድኃኒትም አንዳንዱን ሰው ስሜቱን ሊያጨልምበት ይችላል። ብቻውን አትተዉት፣ ለሐኪሙ በዚያው ቀን ንገሩ።

እኛ ቤት አሁን ሁሉም ያውቃል። ባለፈው ፋሲካ ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ የአክስቴን እጅ ሳሙ፤ ትንሿ ግን ግራ ጉንጯን በጣቷ አሳይታ «ይሄኛው ይሳማል?» ብላ ጠየቀቻት።