ሰላምታና መልሱ፦ ከአፍሪካ ቋንቋዎች የምንማረው

ሰላምታ ዘወትር ከአፋችን ስለሚወጣ ትርጉሙን ቆም ብለን የምንመረምር ጥቂቶች ነን። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለባልንጀራው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ምን እንደሆነ በሰላምታው ይታወቃል።

1. ስለ አዳር መጠየቅ፦ «እንደምን አደሩ?» ማለት የአማርኛ ልማድ ብቻ አይደለም። ኦሮሞው «አካም ቡልቴ?» ሲል ይህንኑ መጠየቁ ነው። በሰሜን ናይጄሪያና በኒጀር የሚነገረው ሐውሳም «ኢና ክዋና?» ብሎ ስለ አዳር ይጠይቃል፤ መልሱ «ላፊያ»፣ ማለትም «ጤና» ነው። ሌሊቱን አልፎ በጤና መገናኘት እንደ ቀላል ነገር አይቆጠርም።

2. ስለ ሰላም መጠየቅ፦ ሶማሌው «ማ ናባድ ባ?»፣ ማለትም «ሰላም ነውን?» ይላል። በሴኔጋል የወሎፍ ቋንቋ ተናጋሪም በሰላም ማደሩን ሲጠይቁት «ጃም ረክ»፣ «ሰላም ብቻ» ብሎ ይመልሳል።

3. ሰውን ማየት፦ በደቡብ አፍሪካ የዙሉ ሰላምታ «ሳውቦና» ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «አየንህ» ማለት ነው። ሰላም ባዩ አንድ ሰው ቢሆንም እንኳ ቃሉ «እኛ» የሚለውን ይዟል።

4. መልሱ፦ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የዚምባብዌ ሾናዎች መልስ ነው። ጠዋት «ማራራ ሴይ?»፣ «እንዴት አደሩ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ንዳራራ ካና ማራራዎ» ይላል፤ ይኸውም «እርስዎ ደኅና ካደሩ እኔም ደኅና አድሬአለሁ» ማለት ነው። የአንዱ ደኅንነት ያለ ሌላው ደኅንነት ሙሉ አይደለም።

እንግዲህ ጠይቀን መልሱን ሳንሰማ የምናልፍ ከሆነ ሰላምታችን ባዶ ድምፅ ይሆናል። ልጁ የታመመበት ጎረቤት ችኰላችንን አይቶ «ደኅና» ብሎ ያሰናብተናል፤ ጭንቀቱም ከእርሱው ጋር ይቀራል። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በላከ ጊዜ ወደ ቤት ሲገቡ አስቀድመው ለቤቱ ሰላም እንዲሉ አዝዟቸዋል (ሉቃ. 10፡5)። ስለዚህ ቋንቋው ልዩ ወደሆነ ቤተሰብ የሚሄድ ካቴኪስት ቢያንስ ሰላምታውን ከነመልሱ አጥንቶ ይሂድ፤ ከጠየቀም በኋላ መልሱን ለመስማት ይቀመጥ።

ለመወያያ፦
ሀ) በቁምስናችን በስንት ቋንቋ ሰላምታ ይሰጣል? እኛስ በስንቱ መመለስ እንችላለን?
ለ) በዚህ ሳምንት «እንደምን አደሩ?» ካልናቸው መካከል የማንን መልስ በእርግጥ ሰማን?