መሄድ ከመመለስ ለምን ይረዝማል?
(ስለ አዲስ አበባና ስለ ዋሽንግተን የአየር ጉዞ)

አንድ ጓደኛችን ከዋሽንግተን የምትመጣ እኅቱን ሊቀበል ቦሌ ቢወጣ፥ ሻንጣዋን ታቅፋ ሦስት ሰዓት ስትጠብቀው አገኛት። ስትሄድ ከ16 ሰዓት በላይ ስለ ፈጀባት፥ ለመምጣቷም ያንኑ ቈጥሮ ነበር። «መንገዱ ያው፥ አይሮፕላኑም ያው፤ ሦስቱ ሰዓት ወዴት ሄደ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለ ሆነ መልሱን እዚህ አስፍረነዋል።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። ምድር ክብ ስለ ሆነች በግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረው መንገድ አጭሩ አይደለም። በሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ብንወጥር፥ ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ በሱዳን፥ በሊቢያና በአልጄሪያ በኩል ወደ እስፓኝ ይወጣና አትላንቲክን ይሻገራል። ርዝመቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነዳጅ ለመቅዳት በደብሊን ብንወርድ ደግሞ ጠቅላላው 11,800 ያህል ይሆናል። ጭማሪው 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አይሮፕላን ይህ የ20 ደቂቃ መንገድ ነው። እንግዲህ ሦስቱን ሰዓት የወሰደው ርቀት አይደለም።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በአትላንቲክ ላይ አይሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። የሚሄደው አይሮፕላን በ800፥ የሚመለሰው በ1,000 ይጓዛል ማለት ነው። ለ5,500 ኪሎ ሜትር ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ከእግራችን ሥር ያለው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፍን የሚያነሣው፥ ሞተርም የሚስበው ይኸው አየር ስለ ሆነ፥ አይሮፕላኑ መንገደኛውንም ለረጅሙ መንገድ የሚበቃውንም ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ ሊነሣ ይቸግረዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና በመንገድ ወርዶ ይቀዳል። ለመውረድ፥ ለመቅዳትና እንደገና ለመውጣት የሚጠፋው ጊዜ ከነፋሱ ጋራ ሲደመር የጓደኛችን ሦስት ሰዓት ይሞላል። የዋሽንግተኑ ጣቢያ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፥ ከዚያ የሚነሣው አይሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ በ13 ሰዓት ያህል አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፍ ይደርሳል።

እንግዳ ለሚቀበል አንድ ነገር እንጨምር። በጥር ወር ከዋሽንግተን በዚያ አገር ሰዓት ከጠዋቱ 5 ሰዓት (ትኬቱ 11 ብሎ የሚጽፈው) የተነሣ አይሮፕላን በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቦሌ ቢደርስ፥ በሰዓት ላይ 21 ሰዓት የተጓዘ ይመስላል። የሁለቱን አገሮች ልዩነት 8 ሰዓት ስንቀንስ 13 ይቀራል። በሐምሌ ግን ልዩነቱ 7 ነው።

ደጋነታችን በጤናውና በአየሩ የምንመካበት ነው፤ ነገር ግን በየበረራው በነዳጅና በጊዜ ዋጋ ያስከፍለናል። ቢሾፍቱ አጠገብ ለአዲስ የአይሮፕላን ጣቢያ ቦታ ሲመረጥ፥ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ማለቱ እንደ ትልቅ ጥቅም የተቈጠረው ስለዚህ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች የሆናችሁ ጓደኞቻችን ይህን ሒሳብ አጥብቃችሁ ያዙት፤ ነገ የእናንተ ሥራ ነውና። እኛ ደግሞ እንግዳ ልንቀበል ስንወጣ የመሄጃውን ሰዓት ለመመለሻው አንቍጠር።