በጾሙ አጋማሽ መንፈሳችን ለምን ይደክማል? ከሐኪም ለጿሚ

ዐቢይ ጾም እንዴት ይዟችኋል?

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ሁሌም የምደክመው አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ዘወረደ ላይ ጉልበቱም ፍቅሩም አለ። ሽሮ ሜዳ ሰፈራችን በማለዳ ነጠላ ለብሰው ወደ ቁስቋምና ወደ እንጦጦ የሚወጡትን ሳይ እኔም እነሳለሁ። መጻጉዕ ሲደርስ ግን የአዳር ተረኝነቱ ድካም ይደመርና ጸሎቱ ይቀራል። ጾሙ ሥጋና ወተት አለመብላት ብቻ ይሆናል።

ይሄ ሁሉ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ሰውነታችንም ድርሻ አለው።

ሰውነትን የሚያደክሙ 4 ነገሮች

1. ቡና፦ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታትና መነጫነጭ ይጀምረዋል። ከጾሙ በፊት ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል።

2. ውሃ፦ ከ9 ሰዓት እስከ መኝታ ድረስ ከፋፍላችሁ ጠጡ። በአንዴ መጋት ሆድ ይነፋል እንጂ አይጠቅምም።

3. ምግብ፦ በባዶ ሆድ ሳምቡሳና ለስላሳ መጠጥ ስኳራችንን ሽቅብ ሰቅሎ ቶሎ ያወርደዋል፣ ጨጓራንም ያስቆጣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ጤፍ እንጀራ ይበቃል። ሎሚ ወይም ቲማቲም ሰላጣ ጨምሩበት፣ አይረን እንዲመጠጥ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ።

4. እንቅልፍ፦ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ እየነካካን ለኪዳን መነሳት ይከብዳል። ከምግቡ ጋር ስልኩንም እንጹም።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ (ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ኢንሱሊን የሚወጉ የስኳር ታካሚ ናቸው። ጠዋት መርፌያቸውን ወግተው ሳይበሉ ቅዳሴ ሄዱ። እዚያው አልቧቸው፣ ተንቀጥቅጠው ወደቁ። ልጃቸው ስታመጣቸው ስኳራቸው 41 ነበር፤ ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። ግሉኮስ ሰጥተናቸው ሲነቁ፣ "እማማ፣ እንደሚጾሙ ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ብነግርህ ታስፈታኛለህ ብዬ ነው ልጄ። አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ?"

እውነታቸውን ነው። ለወራት ስከታተላቸው ስለ መድኃኒታቸው እንጂ ስለ ጾማቸው አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እሳቸው የፈሩት መራቡን አልነበረም፤ ከጾሙ ውጪ መሆንን ነበር።

በኋላ ንስሐ አባታቸውን አማከሩ። አባም ጠዋት የጾም ምግብ ቀምሰው መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ፣ በጸሎትና በምጽዋት እንዲበረቱ ነገሯቸው። እኔም የኢንሱሊኑን መጠን አስተካከልኩ። ዛሬ ቂንጬ በልተው ቤተክርስቲያን ይሄዳሉ። "ጾሜ አልቀረም፣ ሰዓቱ ነው የተቀየረው" ይላሉ።

እንጦጦ አካባቢ ያላችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ለኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጋጩ በአደባባይ ያስተማሩት ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ነበሩ። ጾምም እንደዚያው ነው።

ሐኪም ሳያማክሩ መጾም የሌለባቸው

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው። የደም ግፊት፣ የቲቢም ሆነ የኤችአይቪ መድኃኒት በጾም ምክንያት አይቋረጥ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኩ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አትስጡ፣ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

መንፈሳችንስ?

ለታካሚዎቼ የምለውን ለእናንተም ልበል፤ ትንሽ ግን የማይቋረጥ ነገር ምረጡ። 8ቱ ሳምንታት የየራሳቸው ስያሜ አላቸው፤ የሳምንቱን ወንጌል በቋሚ ሰዓት አንብቡ። የምሳውን ብር ለተቸገረ አስቀምጡ። ከጓደኛ ጋር ጹሙ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይቀሰቅሳል። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ ደግሞ "አለቀልኝ" አትበሉ። መጻጉዕ 38 ዓመት ተኝቶ ነው የተነሳው፤ እኛ አንድ ሳምንት ብንደክም ደብረ ዘይት ላይ መነሳት እንችላለን።

ቤታችሁ የታመመና በድብቅ የሚጾም ሰው ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት። ጽሑፉንም አጋሩለት።

መልካም ጾም፣ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን!