መዝገቡን ጠይቅ

ልጄ፣ ጅግጅጋ ውስጥ የትኛው ሕንፃ ላይ ሰው እንደወደቀ፣ ተቆጣጣሪ ሄዶ ምን እንዳዘዘ በስልክህ ብትፈልግ አታገኘውም። ስለዚህ ነው ይህን የምጽፍልህ።

1. መጀመሪያ ጉዳቱ ይጻፍ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ላይ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። እኛ ዘንድ ግን የቀን ሠራተኛ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ወድቆ ሲሰበር ነገሩ ብዙ ጊዜ በሔር፣ ማለትም በሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ በሽማግሌ ያልቃል። እርቅን አልነቅፍም፤ ቂም ያደርቃል፣ ጎሳን ከጎሳ ያስማማል። ሆኖም ወረቀት ስለማይተው ያው መወጣጫ ነገ ሌላ ልጅ ይጥላል። ካሳውም ቢሆን ሕጉን ሳያውቁ የሚቆረጥ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው፤ ጨርሶ መሥራት ላቃተው ሰው ሕጉ ያስቀመጠው መለኪያ የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጣቸው በፊት ይህን ንገራቸው፤ እርቁ ቢወርድም ጉዳቱ በሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ ይመዝገብ።

2. ጉዳቱ ከተመዘገበ በኋላ መዝገቡን ከቢሮው በጽሑፍ ጠይቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሕዝብ ጥቅም ያለበትን መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶሃል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስልህ ያዛል። ማመልከቻህን ሁለት ቅጂ አድርገው፤ አንዱ ላይ «ገቢ» ማህተምና ቀን አስመትተህ ያዝ። ከከለከሉህ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእምባ ጠባቂ ተቋም አቤት በል።

3. የሰው ገመና አትጠይቅ። የተጎዳው ሰው ስምና ሕመም የራሱ ነው። የሚያስፈልግህ ቦታው፣ ቀኑ፣ ምክንያቱና ተቆጣጣሪው የሰጠው ትእዛዝ ነው። በአሜሪካ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደጋ በሚበዛባቸው ዘርፎች 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች የጉዳት ዝርዝራቸውን በኢንተርኔት ለመንግሥት ያስገባሉ፤ መሥሪያ ቤቱም ማንነት የሚገልጠውን አስወጥቶ ለሕዝብ ይለቃል። ይቻላል ማለት ነው። «የድርጅት ምስጢር ነው» ቢሉህ አትቀበል፤ የተሰበረ መወጣጫ የንግድ ምስጢር አይሆንም።

4. መረጃው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ይውጣ አትበል። በ2010 ክረምት በሶማሌ ክልላችን የኢንተርኔት መስመሩ ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው፣ ወረቀትም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ይላል። ድንበሩ ላይ ቶጎ ውጫሌ ጭነት የሚያወርደው ልጅ እንዲያነበው ደግሞ በሶማሊኛ ይሁን። ኢትዮጵያ በ1983 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ስለ ሥራ አደጋዎች በየዓመቱ መረጃ እንዲታተም ይላል፤ ስትጠይቅ ይህን ጥቀስ።

5. «እኛ ዘንድ የለም፣ የፌዴራል ነው» ሊሉህ ይችላሉ፤ በተለይ ስለ አዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር ወይም ስለ አይሻው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ከጠየቅህ። እዚያው ሳትነሳ ፋይሉ የትኛው መሥሪያ ቤት ዘንድ እንዳለ በደብዳቤ አስጽፍ፤ ያንን ደብዳቤ አያይዘህ ማመልከቻህን አዲስ አበባ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ላክ።