የቅምሻ ማዕድና የአገር ስም
ከኪያንቲ የወይን ጠጅ ጉብኝት ለነጋዴ የሚገኝ ትምህርት

የወይን ጠጅ የሚነግድ ሰው ሸቀጡን የሚያውቅባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጠርሙሱ መጋዘን ከገባ በኋላ ነው፤ ሁለተኛው ወይኑ በበቀለበት መሬት ላይ ቆሞ ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ውድ ትምህርት ነው፤ ጉድለቱ የሚገለጠው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነውና። ሁለተኛው ግን በደቡብ አውሮፓ ዛሬ በአስጎብኚ እየተመሩ በአንድ ቀን የሚፈጽሙት ጉዞ ሆኗል። ጉዞው የተሰናዳው በአብዛኛው ለመዝናናት ለሚመጣ እንግዳ ቢሆንም፣ አስተውሎ ለሚሄድ አስመጪ፣ ላኪና ባለሱቅ የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም። ከዚህ በታች የኢጣልያ አገር የሆነውን ኪያንቲን ምሳሌ በማድረግ ይህ ትምህርት በየተራው ይገለጣል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና መንገዱ

ኪያንቲ በቶስካና ክፍለ ሀገር፣ በፊሬንዜና በሲዬና ከተሞች መካከል የሚገኝ ኮረብታማ አገር ነው። ጉዞው የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ ከፊሬንዜ በጧት ነው። ጥቂት ሰዎች የያዘች አነስተኛ አውቶቡስ «ኪያንቲጃና» በሚባለው በ222 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ ትጓዛለች። መንገዱ ግሬቬን፣ ፓንዛኖንና ካስቴሊናን እያቋረጠ ወደ ሲዬና ይደርሳል። በግራና በቀኝ የወይን ተክል፣ የወይራ ዛፍና ጫካ እየተፈራረቁ ይታያሉ።

እንግዳው መኪና ተከራይቶ ራሱ መንዳት ሲችል አስጎብኚ የሚይዝበት ዋናው ምክንያት ግልጽ ነው። የኢጣልያ ሕግ በደሙ ውስጥ በአንድ ሊትር ከ0.5 ግራም በላይ አልኮል የተገኘበትን አሽከርካሪ ይቀጣል፤ በሁለት ወይም በሦስት ጓዳ ሲቀምስ የዋለ ሰው ደግሞ ከዚህ ልክ ለማለፍ ብዙ አያስፈልገውም።

አስጎብኚው በመንገድ ላይ የጥቁሩን አውራ ዶሮ ተረት ይናገራል። ፊሬንዜና ሲዬና ስለ ወሰን ሲጣሉ፣ ከየከተማው አንድ ፈረሰኛ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቶ እንዲጋልብና ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ወሰኑ እንዲተከል ተስማሙ። የሲዬና ሰዎች ነጭ አውራ ዶሮ መርጠው ሲቀልቡ፣ የፊሬንዜ ሰዎች ግን ጥቁሩን አስርበው አኖሩት። የተራበው ዶሮ ጎሕ ሳይቀድ ጮኸ፤ የፊሬንዜው ፈረሰኛ ቀድሞ ወጥቶ አብዛኛውን አገር ያዘ። ነገሩ ተረት እንደ መሆኑ ለታሪክ ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ያው ጥቁር ዶሮ ዛሬ በኪያንቲ ክላሲኮ ጠርሙስ ሁሉ ላይ ታትሞ ይገኛልና። እንግዳው ተረቱን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ምልክቱን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ባየ ቁጥር ያስታውሰዋል።

ስሙ የተጠበቀበት ሁኔታ

ምልክቱ ዋጋ ያገኘው በተረቱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ረጅም የሕግ ታሪክ ቆሞለታል። በ1716 የቶስካናው ታላቅ መስፍን ኮሲሞ ሣልሳዊ ኪያንቲ ተብሎ ሊሸጥ የሚችለው የወይን ጠጅ ከየትኛው ወሰን ውስጥ የተመረተው እንደ ሆነ በአዋጅ ደነገገ። የአዋጁ ምክንያት የንግድ ምክንያት ነበር። ወደ ውጭ አገር የሚላከው የወይን ጠጅ ከሌላ አገር ከመጣ ጋር እየተደባለቀ ስሙ እንዳይጠፋ ተፈርቶ ነው።

በ1924 ደግሞ 33 አምራቾች በራዳ ከተማ ተሰብስበው ስማቸውን የሚጠብቅ ማኅበር መሠረቱ፤ ጥቁሩንም ዶሮ ምልክታቸው አደረጉ። በ1932 የወጣው ድንጋጌ ኪያንቲ የሚለውን ስም ከጥንቱ ወሰን ውጭ ላሉ ሰፊ አገሮች ስለ ፈቀደ፣ የጥንቱ ክፍል «ክላሲኮ» የሚል ተጨማሪ ስም ተሰጠው። እንግዲህ «ኪያንቲ» እና «ኪያንቲ ክላሲኮ» አንድ ሸቀጥ አለመሆናቸውን አስመጪው አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። በ1967 ስሙ ምንጩ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ከሚውል ሸቀጥ ተራ ገባ፤ በ1984 ዋስትና ያለው የበላይ ደረጃ ተሰጠው፤ በ1996 ክላሲኮ ለብቻው የራሱ ደንብ ወጣለት።

ዳሩ ግን ሕግ ብቻውን ስምን አያድንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት በገለባ በተለበጠ ጠርሙስ የሚሸጠው ኪያንቲ ብዛቱ እየጨመረ ጥራቱ እየቀነሰ ሄዶ፣ በብዙ አገር ርካሽ መጠጥ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ከዚህም የከፋው በ1986 ደረሰ። በሰሜን ኢጣልያ ጥቂት አጭበርባሪዎች የርካሽ የወይን ጠጅ ኃይል ለመጨመር ሜታኖል የተባለውን መርዛም አልኮል ደባለቁበት፤ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ዐይናቸው ጠፋ። ወንጀሉ የጥቂት ሰዎች ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ግን የአገሩን ላኪዎች በሙሉ አገኘ፤ የኢጣልያ የወይን ጠጅ ሽያጭ በውጭ አገር ገበያ ክፉኛ ወደቀ። በ1992 የወጣው አዲስ ሕግ ቁጥጥሩን አጠበቀ፤ ብዙ አምራቾችም ከብዛት ይልቅ በጥራት ለመወዳደር ወሰኑ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአባቶች ቃል ለበጎም ለክፉም ይሠራል፤ በንግድም ቢሆን መልካም ስም ለመሥራት ብዙ ዘመን ሲፈጅ፣ ለማፍረስ አንድ የመከር ወራት ይበቃል።

በእርሻውና በጓዳው ውስጥ

አውቶቡሷ ከእርሻው በር ስትደርስ እንግዶቹ መጀመሪያ ወደ ተክሉ ይወሰዳሉ። የአገሩ ዋና ወይን ሳንጆቬዜ ይባላል። ደንቡ ኪያንቲ ክላሲኮ ከ100 እጅ ቢያንስ 80 እጁ ከዚህ ወይን እንዲሆን ያዛል፤ የቀረው ከሌሎች ቀይ ወይኖች ይሞላል። ነጭ ወይን መቀላቀል ከ2006 መከር ጀምሮ ተከልክሏል። ከአንድ ሄክታር መሬት ከ75 ኩንታል በላይ ፍሬ መሰብሰብም አይፈቀድም። ገበሬው ብዙ ፍሬ ማምረት ሲችል በሕግ የሚገታበት ምክንያት፣ ተክሉ ጥቂት ዘለላ ሲሸከም ፍሬው ይበልጥ ጣዕም ስለሚይዝ ነው። የመከሩ ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው።

ከዚያ ወደ ጓዳው ይገባሉ። ጭማቂው ከነልጣጩ በብረት ወይም በሲሚንቶ ጋን ውስጥ ይብላላል፤ ቀለሙንና አፍ የሚያደርቀውን ባሕርዩን የሚያገኘው ከልጣጩ ነው። ቀጥሎ ከኦክ እንጨት በተሠራ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። ትልቁ የጥንት በርሜል ለወይን ጠጁ የሚሰጠው የእንጨት ጣዕም ጥቂት ነው፤ 225 ሊትር የሚይዘው ትንሹ የፈረንሳይ በርሜል ግን ብዙ ይሰጣል፤ ዋጋውንም ከፍ ያደርጋል።

ነጋዴው በዚህ ጊዜ ሦስቱን ደረጃዎች ለይቶ መጻፍ አለበት። ተራው ኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 12 ወር፣ «ሪዜርቫ» የሚባለው 24 ወር፣ በ2014 ለገበያ የቀረበውና «ግራን ሴሌጽዮኔ» የሚባለው 30 ወር መቆየት አለባቸው። ይህ የመጨረሻው ደረጃ አምራቹ ከራሱ እርሻ ከለቀመው ወይን ብቻ የሚሠራ ነው። ለባለሱቅ ይህ ዕውቀት ገንዘብ ነው፤ ሁለት ጠርሙሶች የዋጋ ልዩነታቸው ስለ ምን እንደ ሆነ ለደንበኛው በሁለት ቃል ለማስረዳት ይችላልና።

በቅምሻው ማዕድ

ከጓዳው በኋላ እንግዶቹ ብርጭቆ ወደ ተደረደረበት ማዕድ ይቀርባሉ። ቅምሻ ሥርዓት አለው። ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከነጩ ወደ ቀዩ፣ ጣፋጩም ከሁሉ በኋላ ይቀመሳል። ቀማሹ መጀመሪያ ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሎ ቀለሙን ያያል፤ ቀጥሎ አዙሮ ያሸታል፤ በመጨረሻም ጥቂት ጎንጭቶ በአፉ ውስጥ ካዞረ በኋላ በተዘጋጀው የመትፊያ ዕቃ ይተፋል። ሳንጆቬዜ ቼሪ የተባለውን ቀይ ፍሬ የሚመስል ሽታ፣ ምራቅ የሚያስመጣ ኮምጣጣነትና ድድ የሚይዝ ደረቅነት አለው። መትፋት ነውር የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ቡና ቀማሾች በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የሚውጥ ሰው ከአራተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉም መልካም ሆኖ ይታየዋል።

በማዕዱ ላይ የበግ አይብ፣ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ የወይራ ዘይትና ጨው የሌለበት የቶስካና ዳቦ ይቀርባል። ጨው አልባው ዳቦ አፍን ለማጽዳት ይረዳል። አይቡ ግን ለገዢ ፈተና ነው፤ ስብና ጨው የወይን ጠጁን ደረቅነት ስለሚያለዝቡ ጉድለቱን ይሸፍናሉ። የእንግሊዝ አገር የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ስለዚህ ነገር የቆየ ምክር አላቸው፤ ለመግዛት የሚቀምስ ሰው ፖም ይብላ፣ ለመሸጥ የሚያስቀምስ ግን አይብ ያቅርብ ይላሉ። ስለዚህ ለንግድ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ባዶ አፉን ቀምሶ አስተያየቱን ይጽፋል፤ ወደ ምግቡ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሌላም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የቅምሻው ማዕድ የመሸጫ ጠረጴዛም ነው። ፀሐይዋ፣ ኮረብታው፣ የባለቤቱ ደግነት፣ የአስጎብኚው ጨዋታ፣ ሁሉም ወደ ግዢ ይገፋፋሉ። አስጎብኚው ከሚሸጠው ላይ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ይህ ሁሉ ሐቀኛ ንግድ ነው፤ ሆኖም በዚያ ሰዓት ትእዛዝ የሚፈርም አስመጪ የከፈለው ለወይን ጠጁ ይሁን ለዕለቱ ደስታ ሊለየው አይችልም። ብልህ ገዢ ናሙና ይዞ ይመለሳል፤ በቤቱ፣ በተለመደው ብርጭቆ፣ ከሌላ ወይን ጠጅ ጋር አስተያይቶ ይቀምሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ይጽፋል።

ከጓዳው እስከ መደርደሪያው

በእርሻው በር ላይ የሚጠየቀው ዋጋ ጠርሙሱ በአዲስ አበባ ሱቅ ከሚያወጣው ዋጋ ትንሹ ክፍል ነው። የመርከብና የየብስ ማጓጓዣ፣ መድን፣ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝና ሌላውም ግብር፣ የባንክ ወጪና የሚሰበረው ጠርሙስ ሁሉ ይጨመርበታል። ከዚህ በላይ የሚያሰጋው ሙቀት ነው። ጭነቱ ቀይ ባሕርን አቋርጦ በጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ በበጋቸው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ በታሸገ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ደግሞ ይብሳል። የወይን ጠጅ በሙቀት ሲቆይ ቡሹ ይገፋል፤ ጣዕሙም የተቀቀለ ፍሬ ይመስላል። ስለዚህ የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ኪራይንና የጭነቱን ወር አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። ዕቃው ሲደርስ በጠርሙሱ አንገት ላይ የተለጠፈው ቁጥር ያለው የዋስትና ወረቀት መኖሩን፣ የመከሩ ዓመትና ደረጃው ከውሉ ጋር መስማማቱን መመርመር ይገባል።

ለላኪው የሚሆን ምሳሌ

ይህ የአንድ ቀን ጉዞ ለአስመጪው የሚያስተምረውን ያህል ለላኪውም ያስተምራል። በ1960ዎቹ የኪያንቲ ገበሬዎች የእኩል አራሽነቱን ኑሮ እየተዉ ወደ ፋብሪካ ከተማዎች ይሰደዱ ነበር፤ ብዙ የድንጋይ ቤቶችም ባዶ ቀርተው ነበር። በ1985 ገበሬው በእርሻው እንግዳ ማስተናገድ የሚችልበት ሕግ ወጣ፤ በ1993 የወይን ጠጅ ጉብኝትን የሚያስፋፋ የአምራቾች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1999 ደግሞ «የወይን ጠጅ መንገዶች» በሕግ ተደራጁ። የተተዉት ቤቶችም ብዙዎቹ ታድሰው ዛሬ የእንግዳ ማረፊያና የቅምሻ ቦታ ሆነዋል።

የኢትዮጵያም ቡና የአገር ስም ያለው ሸቀጥ ነው። በ2005 መንግሥት የይርጋ ጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ባመለከተ ጊዜ፣ ከአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች በኩል ተቃውሞ ገጥሞት ነበር፤ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስለ ስሞቹ አጠቃቀም ስምምነት ተደረገ። ስሙን በወረቀት ማስከበር አንድ ሥራ ነው። ገዢው ወደ እርሻው ሲመጣ ንጹሕ ማጠቢያ፣ በትክክል የተጻፈ መዝገብ፣ ያልተደባለቀ ከረጢትና ያለ ማጋነን የሚያስረዳ ሰው እንዲያገኝ ማድረግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የኪያንቲ አምራቾች ሁለቱንም በመከራ ተምረዋል። አዋጁ ከወጣ ከ270 ዓመት በኋላ እንኳ የጥቂት ሰዎች ማጭበርበር የአገሩን ንግድ በሙሉ ሊጎዳ መቻሉን አይተዋልና፣ ዛሬ እያንዳንዱን ጠርሙስ በቁጥር ይጠብቃሉ። ቡና ላኪውም እያንዳንዱን ከረጢት እንዲሁ ቢጠብቅ፣ ገዢው ለስሙ የሚከፍለው ዋጋ ከዓመት ዓመት ይጸናለታል።