በአደራ የተቀበልከው ፈረስ

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፣ የቦንጋ ነጋዴ ወንድሜ ሆይ! ሰው ፈረሱን በጋጣህ አኑሮ ዋጋ ሲከፍልህ አማና መቀበልህን እወቅ። ነቢዩ በረኃብ የተጎዳ ግመል ባዩ ጊዜ፣ አፍ ስለሌላቸው እንስሳት አላህን እንድንፈራ ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

እንግዲህ ፈረሱን ቀን በግጦሽ ላይ ፍታው፤ ታስሮ የሚውል እግሩ ያብጣል። በከፋ ዝናብ ይበዛልና የጋጣው ወለል ደረቅና ተዳፋት ይሁን፤ ሽንትና ፋንድያ ሰኮናን ያበሰብሳል። የፈረስ ጨጓራ ትንሽ ነው፤ ማስታወክም አይችልም። ስለዚህ ድርቆሹን ዘወትር፣ ገብሱን ግን ከፋፍለህ በጥቂት በጥቂቱ ስጠው። ገንዲ የሚያስይዝ ዝንብ ወዳለበት ቆላ አታሰማራው።

የተከፈለበትን ገብስ ማጉደል ሚዛን እንደ መስረቅ ነው፤ ባለቤቱ ባያይ አላህ ያያል። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን።