ሩጫና የጠበበ የሚትራል ቫልቭ፦ ለልብ ሕሙማን የሚሰጥ ምክር በሕመሙ ዓይነት ስለመወሰኑ

መግቢያ

ሩጫ በኢትዮጵያ የታላላቅ አትሌቶች ሙያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የከተማ ነዋሪዎች የጤና ልማድም እየሆነ መጥቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጀማሪ ሯጮችን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች 10 ኪሎ ሜትር ያስሮጣል። «የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቢሮጥ ይጎዳልን?» የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይነሣል። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው በጅምላ መልስ መስጠት እንደማይቻል ያሳያል። በተለይም በሌሎች አገሮች የተገኘው አበረታች ውጤት በሩማቲክ የልብ ሕመም ሳቢያ ሚትራል ቫልቫቸው ለጠበበ ሕሙማን እንዳለ ሊወሰድ እንደማይገባ ያስረዳል።

የቀደሙ ጥናቶች

በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በማራቶንና በግማሽ ማራቶን የተሳተፉ 10.9 ሚሊዮን ያህል ሯጮችን የዳሰሰ ጥናት 59 ድንገተኛ የልብ መቆም አጋጣሚዎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህም 42ቱ ለሞት ዳርገዋል። ይህም ከ184,000 ሯጮች በአንዱ ገደማ መሆኑ ነው። የልብ ድካም ባለባቸው 2,331 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ክትትል የሚደረግበት የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ለእነርሱ አስጊ አለመሆኑን አመልክቷል። የልብ ጡንቻ መወፈር ባለባቸው ሕሙማን ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናትም ብርቱ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ሰዎች መጠነኛ እንቅስቃሴ ከሚያደርጉት የበለጠ አደጋ እንዳልገጠማቸው አሳይቷል።

እነዚህ ግኝቶች ሕሙማንን ከእንቅስቃሴ ሁሉ ይከለክል የነበረውን የቆየ አመለካከት አላልተዋል። ነገር ግን የመጀመሪያው ለመሮጥ የበቁ ሰዎችን የቆጠረ ሲሆን፣ የቀሩት ሁለቱ ያተኮሩት በልብ ጡንቻ ሕመም ላይ ነው። የጠበበ ቫልቭ የሚያስከትለው ችግር ግን በባሕርዩ ይለያል።

ትንተና

የሩማቲክ የልብ ሕመም መነሻ በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያደርገው ጥረት በልብ ቫልቮች ላይ ጠባሳ ይተዋል። ሚትራል ቫልቭ በጤናማ ሰው ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ስፋቱ 1.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን መጥበቡ ከባድ ይባላል።

ሩጫ ይህን የጠበበ በር በሁለት ወገን ይፈትነዋል። አንደኛው ጊዜ ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ እያንዳንዱ ምት አንድ ሰከንድ ይወስዳል፤ ከዚህም የሚበልጠው ጊዜ ደም የሚሞላበት ነው። ምቱ 150 ሲደርስ ግን አንዱ ምት 0.4 ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ ከሁሉ አብልጦ የሚያጥረውም ይኸው የመሙያ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ግፊት ነው። ስፋቱ በማይለወጥ ቀዳዳ የሚያልፈው ደም እጥፍ ሲሆን፣ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት አራት እጥፍ ይሆናል። በዕረፍት ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የነበረው ልዩነት 20 ይደርሳል ማለት ነው። ይህ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሳንባ ይሸጋገራል፤ ሯጩ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሲከፋም ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የኦክስጅን ማነስ ራሱ የሳንባ ደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ ጫናው ይጨምራል።

ከዚህ የሚከተል አንድ የምርመራ ወጥመድ አለ። ሕመሙ ቀስ በቀስ ስለሚጸና ታማሚው ሳይታወቀው ዳገትና ደረጃ መውጣትን ይተዋል፤ ሲጠየቅም «ደኅና ነኝ» ይላል። ብዙ ሴቶች ሕመማቸውን የሚያውቁት እርግዝና በልባቸው ላይ ተመሳሳይ ጫና ሲፈጥር ነው። ስለዚህ በዕረፍት ላይ ምልክት አለመኖሩ ብቻውን ለመሮጥ ፈቃድ ሊሆን አይችልም። ታማሚው በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ የሚደረግ የልብ አልትራሳውንድ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። መሣሪያው በሌለበት የስድስት ደቂቃ የእርምጃ ፈተና ከቃል መልስ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል፤ ሙሉ ምትክ ግን አይሆንም።

የተግባር እንድምታ

መጥበቡ መለስተኛ የሆነ፣ የልብ ምቱ ያልተዛባና የሳንባ ደም ግፊቱ በእንቅስቃሴም የማይንር ታማሚ በሐኪም ክትትል ከእርምጃ ጀምሮ ወደ ሶምሶማ ሊሸጋገር ይችላል። መጥበቡ ከባድ ለሆነበት ግን ቫልቩ በፊኛ ወይም በቀዶ ሕክምና ሳይስተካከል መሮጥ አይመከርም፤ ቀለል ያለ እርምጃም ቢሆን በሐኪም ምክር ሊወሰን ይገባል። የልብ ምትን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዕድሜ የሚሰላውን የልብ ምት መጠን ሊጠቀም አይችልም፤ እየተንቀሳቀሰ ሳያቋርጥ መነጋገር መቻሉ የተሻለ መለኪያ ነው። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም የተዛባ የልብ ምት ሲከሠት ወዲያው ቆሞ መታከም ይገባል። እንቅስቃሴ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌም አይተካም።

ማጠቃለያ

«ሩጫ ለልብ ሕመምተኛ ይፈቀዳልን?» የሚለው ጥያቄ «የትኛው ሕመም፣ በምን ደረጃ፣ በምን ፍጥነት?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ወጣቶችን በሚያጠቃበት አገር ከውጭ የተገኘን ምክር እንዳለ መቅዳት አንዱን ታማሚ ያለ ምክንያት ከእንቅስቃሴ ያግዳል፤ ሌላውን ለአደጋ ያጋልጣል። ወደፊት የሚካሄዱ ጥናቶች የጠበበ ቫልቭ ያላቸውን የደጋ ነዋሪዎች በእንቅስቃሴ ላይ ሳሉ ቢመረምሩ፣ ምክሩ በግምት ፈንታ በልኬት ላይ ይመሠረታል።